ተቀምጦ የሚያልቅ ዕቃ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ግምጃ ቤት ውስጥ አንዲት ቡሎን ጠፍታ አታውቅም። ይህን የዕቃ ጠባቂዋ ወዳጆች ብቻ ሳይሆኑ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያሟት ሾፌሮችም አይክዱትም። የሾፌሮቹ ሮሮ ሌላ ነው፤ ከእሷ እጅ ዕቃ አይጠፋም፣ ግን አይወጣምም። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል። ዞር ስትል ስሟ «ነገ ና» ነው። አንድ ሾፌር የመስታወት መጥረጊያ ወይም የፍሬን ሸራ ፈልጎ ወደ ፍርግርጉ መስኮት ሲመጣ፣ የያዘው ወረቀት የተፈረመ ቢሆንም እንኳ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ታየውና «ነገ ና» ትለዋለች። ክፋት አይደለም። በእውነት የቸገረው ሰው ነገም ይመጣል፣ ያልቸገረው ይተወዋል ብላ ነው። በዚህ ዘዴ ስንት ዕቃ እንዳተረፈች የምታውቀው እሷ ናት። ስንቱ ሰው በዝናብ እየወረደ መስታወቱን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ እንደነዳ ግን የሚያውቁት ሾፌሮቹ ናቸው።

ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ ዕድሜዋ ሃምሳን ከዘለለ በኋላ ላግባ ብላ የተነሣችው።

ሰውየው ሩቅ አይደለም። እዚያው ድርጅት ውስጥ ዘመኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ጎሚስታ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ። ጡረታ ሲወጣ እህቱ ወዳለችበት ከተማ ሄደና፣ አውቶቡስ ሙሉ ቀን ከሚጓዘው መንገድ ማዶ፣ የራሱን ጎማ ቤት ከፈተ። እትዬን ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቃት ጊዜ የሟች ወንድሟን ልጆች ታሳድግ ነበርና «ልጆቹ ይደጉልኝ» አለችው። ልጆቹ አደጉ፣ ክንፍ አወጡ፣ በየፊናቸው በረሩ። ሁለተኛ ሲጠይቃት ደግሞ የሁለት ጋራዥ ዕቃ ወደ አንድ ግምጃ ቤት እየተጠቃለለ ነበርና «ቆጠራው ይለቅልኝ» አለችው። ቆጠራው አለቀ፤ እሱም ጡረታውን ይዞ ሄደ። ሦስተኛውን ከዚያው ሆኖ በስልክ ጠየቃት።

«አራተኛ አልጠይቅም» አላት። «ቂም እንዳይመስልሽ፤ አቅሙ ስለሌለኝ ነው። እህቴ ደግሞ ብቻህን አታረጅም ብላ ጎረቤቷን ልታጋባኝ ላይ ታች እያለች ነው። እምቢ ከሆነም እምቢ በይኝና ልረፍ።»

እትዬ እሺ አለች። እሺ ካለች በኋላ ያገኘችው ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ስትሰማ ነው የኖረችው፤ በዚህ ዕድሜዋ ግን እንቁላሉ እንዳይገማ ነበር የምትፈራው። የሥራ መልቀቂያዋን በማግስቱ አስገባች።

መልቀቂያ ማስገባትና መልቀቅ ለየቅል ነው። ከሌላ ሥራ ሰው ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ይሄዳል። ከግምጃ ቤት እንዲህ አይወጣም። በመደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ «ተረክቤያለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው እስኪገኝ ድረስ የግምጃ ቤት ሰው የራሱ አይደለም። ሳይረከቡት ቢሄድ ዕቃ ይዞ ጠፋ ይባላል፤ የድካሙን ጡረታ የሚያስከብር ወረቀትም አያገኝም። እትዬ ይህን ሕግ ሌሎች ላይ ሲሠራ ስታይ «ጎሽ» ስትል የኖረች ሰው ናት።

ተረካቢ ተላከላት። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውል፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ቀጭን ወጣት ነው። አባቱም የግምጃ ቤት ሰው ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሰውን አምነው አንድ የታሸገ ካርቶን ሳይከፍቱ ፈረሙ፤ በኋላ ሲከፈት የተገኘው ድንጋይ ሆነ። ታስረው ሲወጡ እንደ ድሮው ሰው አልሆኑም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ልጁ የማይከፍተው ካርቶን፣ የማያገላብጠው ዕቃ የለም። ከቡሎን ሥር የሚገባውን ሮንዴላ ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጠረ። የግራሶ ቆርቆሮውን ከፍቶ በእንጨት እስከ ታች ወጋ። እትዬ አልተከፋችም፤ እንዲያውም ከስንት ዘመን በኋላ እንደ እሷ ያለ ሰው ስላገኘች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ። እስከ ሴንሰሮቹ ድረስ።

በክፍሉ ጥግ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ የብረት ቁም ሣጥን አለ። አዳዲሶቹ አውቶቡሶች በተገዙ ጊዜ ለመጠባበቂያ ተብለው የመጡት የጎማ ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው በላስቲክ እንደታሸጉ እዚያ ውስጥ ተደርድረዋል። ሴንሰሯ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። ከጎማው ውስጥ፣ ቸርኬ በሚባለው ብረት ላይ ትቀመጥና ንፋሱ ሲቀንስ ሾፌሩ ፊት ለፊት ቢጫ መብራት ታበራለታለች። አውቶቡሶቹ ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ሲሞቱ መብራቱ፣ ጎማው ደህና ሆነም አልሆነም፣ በርቶ ይውል ጀመር። ሾፌሮቹ መጠባበቂያው ይሰጠን ቢሉ እትዬ «መብራት አይናከስ፤ ለባሰ ቀን ይቀመጥ» አለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ስቀው ተዉት። ከዚያ ወዲህ ቢጫውን መብራት የሚያየው የለም።

ተረካቢው የእጅ ስልክ የምታክለውን መመርመሪያ አመጣ። ላስቲኩን ሳይቀድ ወደ ሴንሰሯ አስጠግቶ ቁልፉን ሲጫን በሕይወት ያለች ሴንሰር ጢጥ ብላ ትመልሳለች። የመጀመሪያዋ ዝም አለች። ሁለተኛዋም። እትዬ «መመርመሪያው ደክሞት ይሆናል» ብላ ባትሪ አስቀየረችው። ተረካቢው አዲስ ባትሪ ከትቶ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ጨረሰ፤ አንዲትም አልመለሰችለት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እነዚህን ደህና ናቸው ብዬ ልፈርም አልችልም።»

«ማሸጊያቸው እንኳ አልተነካም እኮ ልጄ!»

«አባቴም ማሸጊያውን ነበር ያዩት» አላት።

ነገሩ ወደ ንብረት ኃላፊው ሄደ። ኃላፊው ከሻዩ ላይ ቀና እንኳ ሳይል «በዓይነት ይተካ» አለ። ዕቃው በእሷ እጅ ነው የሞተው፤ እሷ ትግዛ ማለት ነው።

ልትገዛ ወጣች። መለዋወጫ የሚሸጥበት መንገድ ላይ ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆመዋል፤ ከየበሩ ላይ የሞተር ቀበቶና የፍሪሲዮን ዲስክ ተንጠልጥሎ የአላፊውን ጭንቅላት ይነካል። ምላሱ ማር የሆነ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ገባች። ሰውየው ሁለት ዓይነት አቀረበላት። አንደኛው በቅርብ የገባ ነው፤ ካርቶኑ ተከፍቷል፣ ከላይ ያሉትን ሰው አንሥቶ መልሷቸዋል። ሌላውን ከላይኛው መደርደሪያ በመሰላል ወጥቶ ነው ያወረደው፤ አቧራው ጣት ያሰምጣል፣ ማሸጊያው ግን እንደ ወጣ ነው።

እትዬ እንደ እሷ ያለ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠራችው ይኼኔ ነው። ሌላ ገዢ ቢሆን አዲሱን ያነሣ ነበር። ለእሷ ግን ክፍት ካርቶን ማለት የተነካካ ዕቃ፣ የተነካካ ዕቃ ማለት የጎደለ ዕቃ ነው። አቧራ ደግሞ የደህንነት ምስክር ነው፤ እሷ ቤት አቧራ የለበሰ ነገር ማንም እንዳልደረሰበት ያስታውቃል።

«ይኼኛውን» አለች አቧራ የለበሰውን እየዳበሰች።

«እህቴ፣ አዲሱ አይሻልም?» አለ ባለሱቁ። ሰውየው ሊያታልላት ቀርቶ ሊያድናት ሞክሮ ነበር።

«አይ፣ ያንን ሰው ነካክቶታል።»

ግምጃ ቤት ይዛ ገብታ ሲመረመሩ ከብዙዎቹ ጥቂቶች ብቻ መለሱ፤ እነሱም እንደ ታመመ ሰው ቆየት ብለው ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። እየሮጠች ተመለሰች። ባለሱቁ ማሩን ከምላሱ ጠርጎ ጠበቃት።

«ራስሽ መርጠሽ! አዲሱን ውሰጂ ብዬ ለምኜሽ!» አላት፤ ሐሰት አልተናገረም።

ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ስታስብ የሚያስፈራ ነገር መጣባት። ይህ ዕቃ የትም ብትሄድ የሚገኘው የአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ እንደ እሷ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ ግን ደግ ጎን አልጠፋውም፤ ከመንገዱ ማዶ ፎቁ ላይ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አለችልሽ፣ ሳትገዢ ጠይቂያት ብሎ ላካት።

ጠጋኟ ዓይኗ ላይ ማጉያ ያሰረች፣ በሽቦ ክምር መካከል የምትሠራ ሴት ናት። «ይግቡ እናቴ» አለቻት። እትዬ ሙሽራ ነኝ ልትላት ምንም አልቀራትም። ዋጥ አደረገችና ከሞቱት ሴንሰሮች ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጠጋኟ አንዷን በቢላ ፈልቅቃ ሆዷን አሳየቻት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ በሙጫ ተቀብራለች።

«ይህቺ አትቀየርም። ስታልቅ ሴንሰሩም አለቀ ማለት ነው» አለች። «ይኼ ዕቃ ተቀምጦም ያልቃል እናቴ። ጎማ ውስጥም ያልቃል፣ ካርቶን ውስጥም ያልቃል። ማሸጊያው አያድነውም።»

«ምንም ሳይነካው?»

«ምንም ሳይነካው። በእርግጥ ሲመጡ እንቅልፍ ላይ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ተኝተው ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ። የእናንተዎቹ ግን ይኼ ከጀርባቸው ያለው ቀን እንደሚለው ቢሆን ገና ሊኖሩ ይገባ ነበር።» ማጉያውን ወደ ግንባሯ ገፋችና አየቻት። «ይኼ ዓይነቱ አንዴ በመመርመሪያ ከቀሰቀሱት እንደ ድሮው አይተኛም። ማን ነው የቀሰቀሳቸው?»

እትዬ ያልተፈለቀቀችውን ሴንሰር አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የቀሰቀሳቸውን ታውቃለች። የግምጃ ቤቱ በር ላይ «ያለ ሥራ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለጌጥ ይለጠፋል፤ እሷ ግን ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር ከደጅ መልሳበታለች። ጎሚስታው አንድ ቀን መመርመሪያውን በቱታው ኪስ ይዞ መጣና «እነዚያን ሴንሰሮች በየወሩ መመርመር ሳይኖርብን አይቀርም፤ ደህንነታቸው እንዲታወቅ» አላት። ደህንነት የሚለውን ቃል ስትሰማ በሩ በራሱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። እሱ ይጫናል፣ ሴንሰሯ ጢጥ ትላለች፣ እሷ «እሰይ» ትላለች። አንዷን ጨርሰው ወደ ቀጣይዋ ከመሄዳቸው በፊት ጥቂት ያወራሉ። ስለ ሚስቱ ሕመም የነገራት፣ ስለ ወንድሟ ሞት የነገረችው በሴንሰርና በሴንሰር መካከል ነው። የወሩ ምርመራ ሲቃረብ ፀጉሯን መሠራት የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነው።

ከፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ደወለችለት።

«እኛው ነን የገደልናቸው» አለችው። «በየወሩ እየቀሰቀስን! አንተም አላወቅህ፣ እኔም አላወቅሁ።»

ከወዲያ በኩል የንፋስ መሙያው ሞተር ይሰማል፤ ከዚያ ጠፋ፤ ሰውየው አጥፍቶት መሆን አለበት።

«እኔስ አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«አውቶቡሶቹ ሲመጡ ሥልጠና ሰጥተውን የለ? ያን ጊዜ ነግረውናል። ሳያስፈልግ አትቀስቅሷቸው ብለው።»

«አውቀህ ነው?»

«ሌላ ምን ብዬ ልግባ?» አለ በዚያች በቀጭን ድምፁ። «ደህና ዋልሽ ልበልሽ ብዬ ብመጣ መስኮቱን ፊቴ ላይ ትዘጊው ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ትዘጋው ነበር። ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው።

«ታዲያ እኔን ለማየት ብለህ እኔኑ ቆለፍክብኝ!» ብላ ጮኸች፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው ጥጉን ይዞ አለፋት። «ይኸው ልወጣ አልቻልኩም! ምናለ ሌላ ነገር ብታመጣ? ቡሎን እንቁጠር አትልም ነበር? ቡሎን ቢቆጥሩት አያልቅ!»

ዘጋችበት። መልሶ ደወለ፤ አላነሣችም። በማግስቱም ደወለ፤ አላነሣችም። ከዚያ መደወሉን ተወ።

መደወሉን ሲተው ደግሞ ሌላ መከራ መጣባት። ደሟ የፈላው ስለ ሴንሰር አልነበረም። እሷ «እሰይ» ባለች ቁጥር ሰውየው ደስታዋን እያየ፣ ደስ የሚላትን ነገር እያስጨረሳት መሆኑን እያወቀ፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ነው ያንገበገባት። ቤት ገብታ ይህን እያሰበች ትናደዳለች፤ ተናዳ ሳትጨርስ የእህቱ ጎረቤት ትታያታለች፤ በሐሳቧ ሁልጊዜ ደርባባ፣ ሁልጊዜ ጎማ ቤቱ ደጃፍ የምትጠርግ ሆና ነው የምትታያት። ቂሟን እንዳትይዝ ሰውየው ሊያመልጣት ነው፤ ቂሟን እንዳትተው አልወጣላትም። ቀን ቀን ግምጃ ቤቱ፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የራሷ ሆድ እስር ቤት ሆነባት።

ቢሆንም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ጠጋኟ ከምታውቀው ሰው በቅርብ የተሠሩ ሴንሰሮች አስመጣችላት። እትዬ በዚህ ጊዜ አቧራ አልፈለገችም፤ ከጀርባቸው የተጻፈውን ቀን እያንዳንዱን አገላብጣ አየች። የሞቱትን አውጥታ አዲሶቹን በቦታቸው ደረደረች። ተረካቢው መረመራቸው፤ ሁሉም ቁልፉን ገና ሲነካው ጢጥ አሉ።

ያን ጊዜ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዝም ማለት አልቻለችም። ያለፈችበትን ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዲገባበት ማድረግ በእሷ ቤት ነውር ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ይኼ ዕቃ ተቀምጦ ያልቃል። በየጊዜው አትቀስቅሰው። ባትቀሰቅሰውም አንድ ቀን እጅህ ላይ ይሞታል።»

ተረካቢው ያነሣውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠ። «አንድ ቀን ማለት መቼ?»

«እሱን ፈጣሪ ያውቃል።»

«እንግዲያው እትዬ፣ አልረከብም» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዛሬ ሙሉ ነው ብዬ ፈርሜ ነገ ባዶ የሚሆን ዕቃ፣ ይኼማ ያው የአባቴ ካርቶን ነው።»

ለመነችው፤ ወይ ፍንክች። ንብረት ኃላፊው ዘንድ ሄደች፤ «ተስማሙና ኑ» አላት። የሞተውን ስትይዝ የሞተ ነው ተባለች፤ ሕይወት ያለውን ስታመጣ ይሞታል ተባለች። ተመልሳ በሩን ከውስጥ ዘጋችና ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ዓይኗ ያረፈው መደርደሪያዎቹ ላይ ነው፤ ሁሉም በስሟ የቆሙ፣ ሁሉም ሙሉ ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ትጠብቃለች ሲባል ዕቃው ነው ለካ እሷን ሲጠብቅ የኖረው። ይህን ስታስብ በእውነት ጠላችው፤ ግምጃ ቤቱን፣ ቁልፉን፣ ጥንቃቄዋን።

መስኮቱ ተንኳኳ። ዓይኗን ጠርጋ ከፈተች። ሾፌር ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ሰሞን የተቀጠረ። ሸሚዙ ጭቃ ነክቶታል።

«ምን ሆንክ?»

«ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማዬ ተቀመጠብኝ» አለ። «ሰው ጭኜ። የመንገዱን ዳር አጥር ታክኬ ነው የቆምኩት። ማንም አልተነካ፣ ተመስገን። አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ እንደወረደች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ ተነሺ ብላት አትነሣም። አውቶቡሱን የማነሣበት ክሪክ ስጪኝ፣ የእኔ ተሰብሯል።»

«መብራቱስ?»

«የቱ መብራት?»

«ቢጫው! ንፋሱ ሲቀንስ የሚበራው!»

«እሱማ ሁሌም ይበራል እኮ» አላት፤ ምን ትጠይቀኛለች ብሎ ገርሞት። «ማን ያየዋል?»

ሴንሰር ስጪኝ አላላትም። ቂም አልያዘም፣ አልተሳለቀባትም። እንደዚያ ያለ ነገር ከእሷ ዘንድ ይገኛል ብሎ ማሰብ ከተወ ቆይቷል፤ የሚፈልገው ክሪክ ብቻ ነው። እትዬን እንደ ቢላ የገባት ይህ ነው። ልቅሶዋ ራሱ አሳፈራት።

ክሪኩን አወጣች። ከዚያ ወደ ብረት ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ ሁለቱንም ቁልፍ ከፈተች፤ ለስድስቱ ጎማ ስድስት ሴንሰር አንሥታ በመስኮቱ አሻገረችለት።

ሾፌሩ ዕቃውን አየ፣ እሷን አየ። «እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ውሰድ! ጥያቄውን የቴክኒክ ክፍሉ ዛሬውኑ ይፈርማል፤ እኔ ራሴ አስፈርመዋለሁ። ሂድና ሌሎቹንም ጥራልኝ።»

«ሌሎቹን?»

«ሁሉንም ሾፌር!»

ወሬው በግቢው እንደ እሳት ሄደ። መጀመሪያ የመጡት ለማየት ነው የመጡት፤ አንዱማ ማሸጊያውን ይዞ አገላበጠና «ድንጋይ አይደለም?» አለ። የቴክኒክ ኃላፊው ለዓመታት ሲለምነው የኖረው ነገር በመሆኑ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቶ እንደቆመ ፈረመ። አዲሱ ጎሚስታ እስከ ማምሻው ጎማ ሲያወርድና ሲገጥም ዋለ፤ በየአውቶቡሱ ፊት የኖረው ቢጫ መብራት አንድ በአንድ ጠፋ። ሾፌሮቹ ዳሽቦርዱን እያዩ መብራቱ በመጥፋቱ እርስ በርሳቸው ይጠራሩ ነበር።

ተረካቢው ከብረት ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ታዲያ እኔ ምኑን ነው የምረከበው?»

«ምንም» አለች እትዬ። «ወጪ ሆኗል። የፈረሙበት ሰዎች አሉ፣ የተገጠመበት ጎማ አለ። ወርደህ እየው።»

ወረደና እያንዳንዱን አውቶቡስ አየ፤ አይቶ ተመለሰ። ባዶውን መደርደሪያ በእጁ ዳበሰው፤ ከጀርባውም ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ቀስ እያለ ፊቱ ፈታ፣ የአንገቱን ቁልፍም ከፈተ።

«ባዶ አይጎድልም» አለ፤ ፈረመ።

ቁልፉ ከወገቧ ሲወርድ ይቀልለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም፤ ፈራች። ከዚህ ፍርግርግ ውጭ እሷ ማን እንደሆነች የምታውቀው ነገር የለም፤ የሚጠብቃት ሰው ይኑር አይኑርም አታውቅም። ስልኩን ሦስት ጊዜ አውጥታ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ዕቃዎቿን በአንዲት ሻንጣ ከትታ ግቢውን ስታቋርጥ የበሩ ጥበቃ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው።

«እትዬ፣ አንድ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ አለ» አላት። «ከሩቅ አገር ነው የመጣው መሰለኝ። ማንን ፈልገህ ነው ስለው ይነግረኛል፤ ለምን ፈለግሃት ስለው ዝም ይላል። እንዴት ብዬ ላስገባው?»

ጎሚስታው ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሣ። የኮቱ አንገት በአንድ ወገን ታጥፏል። እጆቹን ኪሱ ከተተ፣ አወጣቸው፣ መልሶ ከተታቸው።

«ሴንሰሮቹ በእኔ ጥፋት ነው የሞቱት ብዬ ለኃላፊው ልናገር...» ብሎ ጀመረ።

«እሱ አልቋል» አለችው። «ፈርመውልኛል።»

«እንግዲያው...» አለና የኮቱን አንገት አቃና። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ቀልቷል። «እንግዲያው አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

እትዬ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ተቀይሜሃለሁ» አለችው። «ደስ ሲለኝ እያየህ ዝም አልከኝ። ቶሎ አይለቀኝም፤ እንዳትሸወድ። ቅያሜዬን ይዤው ነው የምሄደው።»

«ይዘሽው ነይ» አላት ሻንጣውን እያነሣ። «ሁለት ክፍል ነው ያለኝ፤ በአንዱ ቅያሜሽ ይተኛበታል።»

እትዬ መሳቅ አልፈለገችም ነበር።